ስክሪኑ ይቅደም፣ ካርዱ ይከተል

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በተራራው ትከሻ ላይ ከዐለት የተፈለፈለችውንና ትውፊት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ጋር የሚያያይዛትን አሸተን ማርያምን ተሳልሞ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ቄሱ የብራናውን መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ካወጡ በኋላ በውስጠኛው ጨለማ ሳይሆን ወደ ደጃፉ ብርሃን አምጥተው መግለጣቸው ነው። ቀዩ ከጥቁሩ፣ ሐረጉ ከንባቡ፣ የሥዕሉ ሰማያዊ ከአረንጓዴው የሚለየው በዚያ ብርሃን ነውና። በዚህ ሳምንት ዓምዴ ስለ ሞኒተርና ስለ ግራፊክስ ካርድ ግዢ ለመጻፍ ስነሣ ነገሩን ከአሸተን ደጃፍ መጀመሬ አለምክንያት አይደለም፤ የአባቶቻችንን መጻሕፍት ለማንበብ ከሚደክሙት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ ብራናውን የሚያገኙት በስክሪን ላይ ሲሆን፣ ስክሪኑ ምን ዓይነት ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የመጻሕፍቱ ፎቶግራፍ ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በቤተ ክርስቲያናችን ፈቃድና በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኝ የቤኔዲክት ማኅበር ገዳም ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9000 የሚጠጉ ብራናዎችን ያዳረሰ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዕድሜያቸውን እኩሌታ የሰጡት የእነዚህኑ መጻሕፍት ይዘት መርምሮ በዝርዝር ለማስቀመጥ ነበር። ከላሊበላም የቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል፣ በንጉሥ ላሊበላ ስም የተጻፈውን የጉልት ጽሑፍ እንደ ያዘ፣ በዚሁ ፊልም ውስጥ ገብቷል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ፣ ጸሐፊው በቀይ ቀለም ያከበራቸው የቅዱሳን ስሞች ከቀረው ንባብ ሳስ ብለው ከመታየት በቀር ልዩነታቸውን የሚናገሩበት መንገድ አልነበራቸውም፤ እንዲህ ላለው ፊልም የትኛውም ስክሪን ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው «መዝገበ ሥዕላት» የአብያተ ክርስቲያናትን ሥዕል በቀለም ሰብስቧል፤ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ቡድንም የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት ገጽ ቀርጿቸዋል። ፎቶግራፉ እንዲህ ሲያድግ የምናይበት መሣሪያ በነበረበት መቅረቱ ነው እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያመጣው።

ወጣቱ ገዢ አዲስ አበባ ገብቶ መርካቶን ወይም የመገናኛን ሕንጻዎች ሲዞር አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው፤ ገንዘቡን በካርዱ ላይ ካፈሰሰ በኋላም ስክሪኑን እንደ ምርቃት ከተረፈው ሣንቲም ይቀበላል። አንድ ትሑት ነጋዴ ይህንኑ ልማድ ሊያስተምረኝ ፈልጎ «ጋሼ፣ ስክሪን እኮ ስክሪን ነው፤ ከካርዱ ላይ ግን አይቀንሱ፣ በኋላ ይጸጸታሉ» አለኝ። የሚመጡለት ገዢዎች ሁሉ የሚፈልጉት ጨዋታ ስለ ሆነ ምክሩ ለእነርሱ እውነት ነው፤ ፊደል ለሚያነብና ሥዕል ለሚመረምር ሰው ግን ፍጹም የተገለበጠ ምክር ነው።

ምክንያቱን ከፊደላችን ልጀምር። የሞኒተር ጥራት በስፋቱ ብቻ አይለካም፤ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ስንት የብርሃን ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ይሰለፋል የሚለው ነው ዋናው ነገር። ባለ 24 ኢንቹና ባለ 1920 በ1080ው የተለመደ ሞኒተር በአንድ ኢንች ወደ 92 ነጥብ ይይዛል፤ ይኸው የነጥብ ቁጥር በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ግን ወደ 82 ይወርዳል፤ ስለዚህ ትልቁን ስክሪን በትንሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ የተደሰተው ገዢ ያገኘው የሻከረ ጽሕፈት ነው። የላቲን ፊደል አንባቢ ይህን ችሎ ይኖር ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚለያየው በጥቃቅን ቅጥል ነው፤ «ሉ» ቅጥሏን በወገቧ፣ «ሊ» በእግሯ ትይዛለች፤ «ሌ» ደግሞ በዚያው በእግሯ ላይ ቅጥሉን ቀለበት አድርጋ ታስረዋለች። ነጥቡ ጥቂት፣ ጽሕፈቱም ረቂቅ በሆነ ጊዜ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና ኃምሱ ሣልስ መስሎ ይነበባል፤ አንባቢውም የጎደለውን ከዐውዱ እየሞላ ስለሚሄድ ዓይኑ የደከመበትን ምክንያት ሳያውቅ ውሎ ያመሻል። ዐውዱን አስቀድሞ ለሚያውቀው የጋዜጣ አማርኛ ይህ መሙላት ይቻላል፤ ለማናውቀው የግዕዝ ንባብ ግን፣ ይልቁንም ለቅኔ፣ አንዲት ቅጥል ምሥጢሩን ልትለውጠው ትችላለች። በ27 ኢንች ላይ 3840 በ2160 ነጥብ የሚሰጠው፣ በገበያ «ፎርኬ» የሚባለው ሞኒተር፣ በአንድ ኢንች ወደ 163 ነጥብ ስለሚያሰልፍ ቀለበቷም ቅጥሏም በየቦታቸው ይገኛሉ። አቅም ያነሰው በዚያው ስፋት 2560 በ1440ውን፣ ወደ 109 ነጥብ የሚይዘውን፣ ቢወስድ አልነቅፈውም።

ሁለተኛው ነገር መቆሚያው ነው፤ ማንም ሳያየው የሚያልፈው እርሱን ነው። የብራና ቅጠል ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ እኛ የምናየው ወርዱ ከቁመቱ በሚበልጥ ስክሪን ስለ ሆነ፣ ገጹን ሙሉ ለማየት ስናሳንሰው ጽሕፈቱ ይጠፋል፤ ጽሕፈቱን ስናጎላው ገጹ ይቆረጣል። እግሩ ስክሪኑን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ የሚያቆም የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ባለ 27 ኢንቹ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ቁመትና ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሰሌዳ ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ቅጠልም በተፈጥሮ ልኩ ከነኅዳጉ ይቆምበታል። ሁለት ሞኒተር ያስፈልጋል የምለውም ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ቆሞ ብራናውን ሲያሳይ ሌላው ተጋድሞ የምንጽፈውን እንዲይዝ ነው። ሁለተኛው ርካሽ ቢሆን ምንም አይጎዳም። ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው በአዲስ አበባ የሚሸጡት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ሞኒተሮች ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር እግር ስላላቸው ለዚህ ይመቻሉ፤ ብቻ ከመክፈል በፊት ፍጹም ነጭ፣ ፍጹም ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጽ ተራ በተራ አስከፍቶ የሞተ ነጥብና ወደ ቢጫ ያዘነበለ ብርሃን እንዳለ መመርመር ይገባል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ ሁለት የስክሪን ዓይነት ማወቅ ይበቃል፤ ቲኤን እና አይፒኤስ። ቲኤን ለአንድ ሰው፣ ያውም ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። በእኛ ቤት ግን አንድ የአሸተን ወይም የቤተ ማርያም ሥዕል ተከፈተ በተባለ ጊዜ ባለቤቱ ብቻ አያየውም፤ መሪጌታው ከኋላ ቆመው፣ ጎረቤት ከጎን ተጠግቶ፣ ልጆች ወለል ላይ ተቀምጠው ነው የሚታየው፤ በቲኤን ላይ ደግሞ ከበታች የሚመለከት ሕፃን ብርሃኑ ጠቁሮ፣ ጥላው ነጥቶ፣ ቀለሙም ተገልብጦ ያያል። አይፒኤስ ከየትም ወገን ቢታይ ቀለሙን እምብዛም ስለማይለውጥ ለእኛ አኗኗር የተገባው እርሱ ነው። ከሻጩ ጽሑፍ ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚል ያነበበ ሰው ቀዩና አረንጓዴው የደበዘዘ ስክሪን መሆኑን ይወቅ፤ «72 በመቶ» ወይም «ወደ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ» የሚለውን ይምረጥ። ስክሪኑ በሰከንድ 144 ጊዜ ወይም 165 ጊዜ ይታደሳል የሚለው ውዳሴ ግን ከ600 ዓመት ወዲህ ላልተንቀሳቀሰ ሥዕል የሚጨምርለት ነገር የለም።

እንግዲህ ወደ ካርዱ እንምጣ። አንድ «ፎርኬ» ስክሪን 8,294,400 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ አራት ባይት ቢወስድ ሙሉው ገጽ ወደ 33 ሜጋባይት፣ ሁለት ስክሪንም ወደ 66 ሜጋባይት ይሆናል። ትንሽ ከሚባሉት ካርዶች ብዙዎቹ 4 ጊጋባይት በሚይዙበት ዘመን ፎቶግራፍ ለማየት ብሎ 24 ጊጋባይት መግዛት ምን ይሉታል? ለንባብ ከካርዱ የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን በር ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር ያለው ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ «ፎርኬውን» በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ የማውሱ ቀስት እየተጎተተ ያሰለቻል፤ 60 ጊዜ እንዲሆን ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ወይም ኤችዲኤምአይ 2.0 ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና በ149 ዶላር ሽያጭ የጀመረው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 ይህን ያሟላል፤ ኃይሉም 75 ዋት ስለ ሆነ ብዙዎቹ ዓይነቶቹ ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይጠይቁም። በ1,599 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 4090 ግን ብቻውን 450 ዋት ይበላል።

ዋቱን የማነሣው በላስታ ተቀምጬ ስለ ሆነ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከደረሰ በኋላ ላሊበላ ለብዙ ወራት ያለ መብራት መኖሯን ያየ ሰው የኤሌክትሪክን ነገር እንደ አዲስ አበቤው አያስበውም። በየቤቱ የሚገኘው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው ከ400 ዋት ብዙም አያልፍም፤ መብራት ሲሄድ ሁለት ሞኒተርና አንድ ትሑት ካርድ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣሉ፤ ታላቁ ካርድ ግን ዩፒኤሱን ራሱን ያንበረክከዋል። የከፍታችን ነገርም አለ። ካርድ የሚቀዘቅዘው ፋኑ በሚነፋው አየር ሲሆን፣ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ባላት በላሊበላ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለሚከብድ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ በዱባይ ዝም ብሎ የሚሠራው ካርድ እዚህ እየጮኸ ይሠራል፤ የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ በየጊዜው ከፍቶ መጥረግ ግድ ነው።

የዋጋው ነገር የታወቀ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር በላይ ስለ ሄደ፣ አዲስ ካርድ ለብዙ ቤት የማይታሰብ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ዓይን ሁሉ «ስላይትሊ ዩዝድ» ወደሚለው ማስታወቂያ ዞሯል። በዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ኤተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እስከ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ይመረት የነበረው በግራፊክስ ካርድ ሲሆን፣ በዚያ ቀን አሠራሩ ሲለወጥ ሌሊትና ቀን ሳያርፉ የሠሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ፈሰሱ፤ እኛ ዘንድ «ብዙ ያልሠራ» ተብሎ የሚቀርበው አንዳንዱም ከዚያ ወገን ሊሆን ይችላል። (ዛሬ በአገራችን ኤሌክትሪክ እየገዙ ቢትኮይን የሚያመርቱት ኩባንያዎች ለዚያ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ስለሚጠቀሙ በዚህ ኃጢአት የሉበትም።) ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሥራ አስጨንቆ ሙቀቱንና የፋኑን ድምፅ ሳያይ ገንዘቡን አይስጥ። ያገለገለ ሞኒተር ጉድለቱን በግልጥ ያሳያል፤ ያገለገለ ካርድ ግን ጉድለቱን ይሸሽጋል፤ ቁጠባው በየትኛው ላይ መሆን እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ባስረዳሁት ጊዜ በጸጥታ ሰምቶኝ ሲያበቃ «አጎቴ፣ አንቱ የሚያስቡት ለንባብ ብቻ ነው፤ እኔ ግን የዐለቱን ቅርጽ ከፎቶግራፍ በሦስት ገጽ ልሠራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በብዙ ማዕዘን የተነሡ ፎቶግራፎችን አቀናጅቶ የአንድን ግድግዳ ወይም ዓምድ ቅርጽ የሚያወጣው ሥራ የካርድን ጉልበት በእውነት የሚጠይቅ ነው፤ በነጻ የሚገኘው ሜሽሩም የተባለው ፕሮግራምም ጥልቀቱን አስልቶ ለማውጣት የኤንቪዲያን ካርድ ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ተግባር ከ1650 ከፍ ማለት እንደሚገባ ፈቅጄለታለሁ። እኔ ባለ 12 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 3060 መረጥሁ፤ ብዙ ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሰፊ ማኅደር ስላለው ነው። እርሱ ደግሞ ባለ 8 ጊጋባይቱን 4060 ይላል። «የእርስዎ 170 ዋት ይበላል፣ የእኔ 115 ዋት ነው፤ ስለ ዩፒኤስ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም ወይ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ፤ ማኅደሩ ግን አሁንም ያንስብኛል። ክርክሩ ባይቋጭም ሁለቱን ስክሪኖች በነበረው ካርድ ላይ ሰክተናቸዋል፤ አንደኛው ቆሟል፣ ሁለተኛውም ተጋድሟል፤ የቆመውን በ60 ለማስኬድ የቀረን ከአዲስ አበባ የሚመጣው የዲስፕሌይ ፖርት ገመድ ብቻ ነው።