ስም ማስመዝገብ ማገልገል አይደለም

በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር የበጎ አድራጎት ክበባት መዝገብ ይከፈታል፤ ተማሪውም ተሰልፎ ስሙን ያስመዘግባል። ታኅሣሥ ገብቶ ፈተና ሲቃረብ ግን ከተመዘገበው መካከል በሠፈር ሥራ ላይ የሚገኘው ጥቂቱ ነው። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ክበብ መግባት ምን ማለት እንደ ሆነ ከተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ከመምህሮቻችንም ጋራ ለመነጋገር ነው።

የተማሪ አገልግሎት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍሉ ሕዝብ መካከል እየኖረ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛውም በአስተማሪነት ሠራ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ 60,000 የሚያህል ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማራ። እነዚያ የታዘዙ ነበሩ። ዛሬ ክበብ ግባ ብሎ የሚያስገድደን የለም። እንግዲህ ሳይታዘዝ የሚሠራ ተማሪ መኖሩ የሚታወቀው በእኛ ነው።

አገልግሎት ደግሞ በአንድ ቀን ዘመቻ አይፈጸምም። ለዚህ ደም ልገሳ በቂ ማስረጃ ነው። የተለገሰ ቀይ ደም በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ከ42 ቀን በላይ አይቈይም። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ መቶ ተማሪ ቢለግስ፣ ከሁለት ወር በኋላ በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት የሚተርፍ የለም። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላልና፣ ያው መቶ ተማሪ በተራ ተከፋፍሎ ቢሄድ ዓመቱን ሙሉ ይደርሳል። የፊደል ትምህርትም እንዲሁ ነው። 33ቱ ፊደል በ7 ቤት ሲዘረዘር 231 ይሆናል፤ ቀን ጉልት ስትቸረችር ውላ ማታ ደብተር ይዛ የምትመጣ ሴት፣ አስተማሪዋ ሁለት ሳምንት ቢቀርባት የቈጠረችው ይጠፋታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተስፋ መቍረጧ ነው፤ ሁለተኛ ተማሪ ቢመጣላትም አታምነውም።

የጽናት ትምህርት ከፈለግን እድርን እንይ። አባቶቻችንና እናቶቻችን እድር የገቡት ስማቸው በመዝገብ እንዲታይ አይደለም። መዋጮ በየወሩ ይከፈላል፤ ስም ይጠራል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ ለሐዘንተኛው የሚደርሰው በዚህ ሥርዓት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውም እያንዳንዱ የድርሻውን አንዷን ሎሚ ሳይጥል ሲይዝ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ይህ ሁሉ ቍስልን በጨርቅ መሸፈን ነው፤ የድህነት ሥሩ ሌላ ነው» ይላሉ። ሥሩ ሌላ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሠፈሩን ያላወቀ ስለ ሠፈሩ ችግር በምን አፉ ይከራከራል? የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት በተጀመረበት በ1957 ዓ.ም.፣ የካቲት ላይ፣ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ማገልገልና መጠየቅ አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ክበብ የሚገባ ሁሉ አንድ ሥራና በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ለይቶ ይያዝ፤ ፈተና ቢገጥመው ምትክ ይላክ። ሁለተኛ፣ ሥራውን እኛ በስብሰባ ከመወሰናችን በፊት የሠፈሩ እድር ሽማግሌዎች ይጠየቁ፤ እኛ ግድግዳ ልንቀባ ስናስብ እነርሱ በክረምት የሚያፈስ የአሮጊት ጣሪያ ያሳዩን ይሆናል። ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን በመክፈቻው ቀን ንግግር ከማድረግ አልፈው እንደ ማንኛውም አባል ተራ ይግቡ።

ይህን ለመፈጸም የማይችል ስሙን ባያስመዘግብ ይሻላል። የሚችል ግን ዛሬውኑ ይግባ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም በሥራው ላይ እንገናኝ።