በሩን ስንዘጋ



ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከተጋቡ ገና ዓመት ያልሞላቸው ባልና ሚስት ወደ ቤታችን መጡ። ቡና ቀረበ፣ ተጫወትን፣ ጸለይን። በኋላ መጋቢው (ባለቤቴን ምዕመናን እንደሚጠሩት እኔም እዚህ እንዲሁ እጠራዋለሁ) «እስቲ ያመጣችሁን ንገሩን» ሲላቸው ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ሚስት «መስኮት ነው» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔ ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ገንዘብ፣ አማት ወይም ስልክ። እነርሱ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ የተኳረፉት በአንዲት ትንሽ መስኮት ነው። እርሱ ማታ ይከፍታታል፣ እርሷ ተነሥታ ትዘጋታለች። እርሷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ብርድ አትችልም፤ የከሰል ማንደጃ አልጋው አጠገብ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። እርሱ ደግሞ ሽታው ያፍነዋል። «እኔና ልጁ ብንታመም ግድ የለውም» አለች፤ እንባዋም መጣ።

መጋቢው ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የራሳችንን ታሪክ መናገር ነበረብን። ለእነርሱ የነገርናቸውን ዛሬ ለእናንተም እጽፈዋለሁ፤ ለመጻፍ ይህን ያህል ዓመት የፈጀብኝ በኀፍረት ነው።

ደብረ ታቦርን የማያውቅ ሰው ስለ ብርዷ ስናወራ ያጋነንን ይመስለዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና አለ። ወደ ጋይንት ሲሄዱ ደግሞ ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ብቻ ጋቢ ያስደርባል። ፈረንጅ አገር እንዳለው ሳምንታት ከደጅ የሚቆይ በረዶ እኛ ዘንድ የለም። የእኛ በረዶ ነጎድጓድ ይዞ የሚወርደው ነው። ጉና አናት ላይ ሲወርድ ጓሳውንና ጅብራውን ሸፍኖ፣ ከሩቅ ለሚያየው ነጭ ነጠላ የተጣለበት ይመስላል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይሄዳል። በመዝሙር 147 የተጠቀሰውን አመዳይ በልጅነቴ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ጉናን አይቼ ነው። በነገራችን ላይ፣ በሰሜን ተራሮች እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ በረዶ እንዳለ ከጥንት ጀምሮ ተጽፏል። በአዱሊስ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ የነበረውን ይህን ጽሑፍ ኮስማስ የተባለ ተጓዥ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ አቆይቶልናል። በኮሌጅ ስንማረው የቆላ ልጆች የነበሩት ጓደኞቼ አላመኑም ነበር።

እኛን የሚጎዳን ብርድ ግን በረዶ የሌለበት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ ግን ሙቀቱን የሚይዝ ደመና ስለሌለ ምድር የሰበሰበችውን ሁሉ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ጠዋት ስትነሡ ሣሩ ነጭ ነው፤ በባልዲ ባደረ ውኃ ላይ ስስ መስታወት የመሰለ ነገር ተጋግሯል፤ የድንቹ ቅጠል እሳት የነካው ይመስል ጠቁሯል። ውርጭ የምንለው ይህ ነው። የገበሬ ቤተሰብ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ሲሄድ አይቻለሁ። አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን አጥንቱ ከየት ይምጣ? ስለዚህ አብዛኛው ቤት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ በር ይዘጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል።

በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ የበኩር ልጃችን ከተወለደ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። የምንኖረው በኪራይ፣ በአንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ነው። አከራያችን የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆኑ እናት ናቸው፤ ለ«ጴንጤ» ቤት እንዳያከራዩ ተነግሯቸው እምቢ ብለው ያስገቡን ሰው። እማማ እንላቸዋለን። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሴቶች ሁሉ፣ የቤተ ክርስቲያን እኅቶችም የሠፈር እናቶችም፣ ምክራቸው አንድ ነበር፤ «አራስ ነሽ፣ ብርድ እንዳይመታሽ»። እኔም ሰማኋቸው። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ፣ የመስኮቱን በጋዜጣ ወተፍሁ። ማንደጃው ከአልጋው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም።

የዚያን ቀን ማታ ውርጩ የከፋ ነበር። መጋቢው «መስኮቷን ትንሽ ብንከፍታት ምን ይመስልሻል?» አለኝ። እኔ ምን እንዳልሁት ዛሬም አልረሳውም። «ልጄን ልትገድለው ነው?» አልሁት። ዝም አለ። ለሰላም ብሎ ተወው። በትዳር ውስጥ ለሰላም ተብሎ የሚተው ነገር ሁሉ ሰላም እንደማይሆን ያን ጊዜ አላወቅንም።

ከራት በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። እርሱንም አመመው። እሑድ የሚሰብከው እርሱ ስለነበር ነገሩን ወዲያው ተረዳነው፤ ማለት የተረዳነው መሰለን። የጠላት ውጊያ ነው አልን። ተንበርክከን ገሠጽነው፣ አሰርነው፣ ከቤታችን አስወጣነው። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ አለን፤ እኔም ጌታ ሰላሙን ሰጠን ብዬ አመሰገንሁ። በየሰዓቱ ለጡት የሚነሣው ልጅ አልተነሣም። ከእንቅልፌ ትንሽ ነቅቼ «ዛሬስ ተኛልን» ብዬ መልሼ መተኛቴ ትዝ ይለኛል። ያን ቃል ሳስታውስ አሁንም ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

መጋቢው ሌሊት ለሽንት ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ መቀርቀሪያውን እንደያዘ በሩን ከፍቶ ወደ ደጅ ወደቀ። አብሮት የወደቀው የውኃ ጀሪካን ድምፅ እማማን ቀሰቀሳቸው። ኩራዝ ይዘው መጡ። «በስመ አብ! ማንደጃ ታቅፋችሁ ነው የተኛችሁ?» ሲሉ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ መመለስ ግን አልቻልሁም። ልጁን ከአጠገቤ ነጥቀው በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ግቢ ወጡ። ከዚያ ተመልሰው እኔን ጎትተው አወጡኝ። ውርጩ ላይ ተቀምጠን አስመለሰኝ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ አለቀሰ። ከወለድሁት ቀን ይልቅ በዚያ ሌሊት ልቅሶው ደስ አለኝ። ስንሸሸው የነበረው ብርድ ነው ያዳነን።

ሆስፒታል ወስደው አየር ሰጡን፤ ተረፍን። በማግስቱ በጉባኤያችን የሚያገለግል አንድ ነርስ ተቀምጦ አስረዳን። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ወደ ደማችን ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሕፃናትን ቶሎ ይይዛቸዋል። በማኅፀን ያለውን ደግሞ ከእናቱ ይብስ ይጎዳዋል። እኔ «ጭሱ ካለቀና ከሰሉ ከጋመ ችግር የለውም» ብዬ አምን ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደዚያ ታምናላችሁ። ጭስ የሌለው የጋመ ፍም ግን ይህን ጋዝ ከማውጣት አያቆምም፤ የሚቆረቁረው ጭስ ስለጠፋ ብቻ እኛ መጠንቀቅ እናቆማለን። ጨው ቢነሰነስበት፣ ውኃ በጎኑ ቢቀመጥ፣ ዕጣን ቢጨስበት ለውጥ የለውም።

ይህ የእኛ የድሆች ወይም የ«ኋላ ቀሮች» ጣጣ የሚመስለው ካለ አሜሪካን ይመልከት። በየካቲት 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2021) ቴክሳስ የተባለውን ሞቃት ግዛት ያልለመደው የበረዶ ማዕበል መታው። ሂውስተን ውስጥ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ያህል ደረሰ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው፤ በግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ቆጠራ 246 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹን የገደለው ራሱ ብርዱ ነው። ሌሎቹን ግን የገደለው ሙቀት ፍለጋ ነው፤ ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ፣ ጄኔሬተር በር ሥር ያስነሡ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የእኛው ወገኖች ይገኛሉ። በሂውስተን የሚኖሩ አንድ ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ፣ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ መኪናቸውን ጋራዥ ውስጥ አስነሥተው ሊሞቁ ሞከሩ። ጋዙ ወደ ቤት ገባ። እናትና ልጅ አረፉ። ያን ዜና የሰማሁ ቀን ሥራ መሥራት አልቻልሁም። ልዩነታችን የአንድ ጀሪካን ድምፅ ነው።

እንግዲህ ምን እንበል? «እግዚአብሔር እየጠበቀን ምን እንሆናለን?» የሚሉኝ ቅዱሳን አሉ። እኔም እላለሁ፣ ጠብቆኛል። ግን ያው ጌታ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት የቤቱ ባለቤት የደም ዕዳ አለበት። ጸልዩና ማንም አይወድቅም አላለም፤ መከታ ሥሩ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስም በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ከክረምት በፊት እንዲመጣና ትቶት የመጣውን በርኖስ ይዞለት እንዲመጣ ጠይቋል። ያን የመሰለ የጸሎት ሰው ልብስ መጠየቅን እምነት ማጣት አላደረገውም። ጴጥሮስ እንኳ (ክህደቱን ለጊዜው እንተወውና) ፍሙን የሞቀው በግቢ ውስጥ ነው!

የዚያን ሌሊት ጸሎታችን ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ራስ ምታቱ ሁለታችንንም በአንድ ሰዓት ሲይዘን፣ መንፈስ ከመገሠጻችን በፊት በር መክፈት ነበረብን። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ደጅ ሲወጡም ቀለል ካላቸው፣ ነገሩ ከሰሉ ነው። ወዲያው ውጡ፤ ማንደጃውን ሳይሆን ሰውን አስቀድማችሁ አውጡ። ከዚያ ቶሎ ወደ ሕክምና። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ውኃም አታጠጡት፤ ያንቀዋል።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ታሪካችንን ስንጨርስ ባልየው ፊቱ በራ። «አየሽ?» አላት። መጋቢው ግን ቶሎ ብሎ «አንተም አልዳንክም» አለው። እውነቱን ነው። ትንሽ የተከፈተች መስኮት ሌሊቱን ሙሉ ለሚነድ ከሰል አትበቃም። ባል መስኮት ከፍቶ ኃላፊነቱን የተወጣ ይመስለዋል፤ ሚስት በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ ጋዙም እዚያው አለ። ሦስት ሳምንት የተጣሉበት መስኮት ጥፋተኛ አልነበረችም። መውጣት ያለበት ማንደጃው ነው። እርሱ ከወጣ ሚስት መስኮቷን እንደልቧ ትዝጋ፤ ማንም አይከለክላት።

«ታዲያ በምን ልሙቅ?» አለች፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማስገባት። ከመኝታ በፊት ትኩስ አጥሚት። ካልሲና ሻሽ አድርጎ መተኛት፤ ፋሽኑን እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። መጋቢው ደግሞ መክብብ ምዕራፍ 4 ላይ ሁለት ሆነው ስለሚተኙ ሰዎች የተጻፈውን አስታወሳቸው። ሦስት ሳምንት ጀርባ ተሰጣጥተው ለተኙ ሰዎች ይህ ከባድ ምክር ነው፤ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ፣ ከዚያ ልጅቷ ሳቀች።

እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ያን ጊዜ፣ በዚያ ጠዋት፣ እማማ ማንደጃችንን ደጅ ደፍተው ከገዛ አልጋቸው የሱፍ ባና ገፈው አመጡልን። «ይኸን ልበሱ ልጆቼ፤ ሌላ ጊዜ ሲበርዳችሁ እኔን ቀስቅሱኝ» አሉን። ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች በእርሱ ሥር አድገዋል። እማማ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባናው ጫፉ ተበልቷል፣ ይቆረቁራል፣ በዝናብ ቀን የበግ ሽታው ይመጣል፤ ግን ይሞቃል። አውጥቼ ለልጅቷ አስታቀፍኋት። «በውሰት ነው፤ ትመልሽዋለሽ» አልኋት።

በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። ባናው ገና አልተመለሰም።