አድቫይዘርህ ማን ነው?

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስታገኙ «አድቫይዘርህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ትንሽ ያስብና «እ… ስሊፕ ላይ የሚፈርምልን መምህር» ይላችኋል። ስሙን ካወቀው ጎበዝ ነው። በልጁ አልፈርድም፤ ሥራው ራሱ ወደ ፊርማ ከወረደ ቆይቷል።

ግቢ ላልገባችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። በወረቀት ደረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ አካዳሚክ አማካሪ አለው። ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ሴክሽን ለአንድ መምህር ይሰጣል። ምዝገባ ሲደርስ የክፍሉ ተጠሪ የሁሉንም ስሊፕ ሰብስቦ ቢሮ ይመጣል፣ መምህሩ ቁልሉን እየገለበጠ ይፈርማል፣ ወረቀቱ ሬጅስትራር ይገባል፣ አለቀ። ሲስተም ባለበት ግቢ ደግሞ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። አማካሪና ተማሪ ሳይተያዩ ተማከሩ ማለት ነው።

እኔም አስተማሪ ስለሆንኩ መምህሩ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ይገባኛል። ክፍል ይገባል፣ ፈተና ያርማል፣ የተመራቂዎችን የጥናት ጽሑፍ ያያል፣ ስብሰባ አለ፣ ከዚያ ደሞዙ ስለማይበቃ ሌላ ቦታ ይሮጣል። ማማከሩ በእኛ ዘንድ ሎድ ላይ አይቆጠርለትም። ያልተቆጠረ ሥራ ደግሞ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ትርፍ ጊዜ የለም።

ግን ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ሲኒየር ይገባበታል። ሲኒየሮችን አመሰግናለሁ፣ እነሱ ባይኖሩ ግማሹ ፍሬሽማን ላይብረሪውንም አያገኘውም ነበር። የቱ መምህር እንዴት እንደሚፈትን፣ የቱ ሀንድአውት እንደሚነበብ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ደንብ ላይ ግን የሚነግሩህ በእነሱ ላይ የደረሰውን ነው፤ ያንተ ጉዳይ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ሴሚስተሩ እኩሌታ ላይ እናቷ ታመሙባትና ወደ ገጠር ልትሄድ ሆነ። የዶርም ልጆች «ሂጂ፣ ስትመለሺ ታስተካክያለሽ» አሏት። ሄደች። ዊዝድሮዋል የሚባል ፎርም እንዳለ የነገራት የለም። በሚቀጥለው ዓመት ስትመጣ ስሟ የለም፣ ካፌም አትገባም፣ ፋይሏ ላይ ትምህርቷን ያለፈቃድ ያቋረጠች ተብላ ተጽፋለች። ብዙ ግቢ ውስጥ ፎርም ሞልቶ የወጣ ተማሪ ተመልሶ የመግባት መብት አለው፣ ዝም ብሎ የጠፋ ግን ያንን መብት ያጣል ወይም ኤፍ ይከመርበታል። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት አንድ ገጽ ወረቀትና የግማሽ ሰዓት ወሬ ነው። ያቺ ልጅ ከቤተሰቧ የመጀመሪያዋ ዩኒቨርሲቲ የገባች ነበረች። አባቷ ደብዳቤ ይዘው ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ ነው ያየኋት።

ሌላውን የሂሳብ ጉዳይ እዩት። የመጀመሪያ ሴሚስተር 1.60 ያመጣ ልጅ ዋርኒንግ ይሰጠውና ዶርሙ ገብቶ «አበቃልኝ» ይላል። አንዳንዱ መማሩን ያኔ ነው የሚተወው። የሁለቱ ሴሚስተር ክሬዲት እኩል ከሆነ በሁለተኛው 2.40 ካመጣ ድምሩ 2.00 ይገባል። 2.40 ተአምር አይደለም። አንድ ሰው አስቀምጦት ወረቀት ላይ ቢያሰላለት፣ የትኛው ኮርስ ላይ ብዙ ክሬዲት እንዳለ ቢያሳየው፣ ልጁ የሚወጣው ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

ኢንጂነሪንግ ላይ ደግሞ አፕላይድ ማቲማቲክስ ዋንን «ከበደኝ» ብሎ የሚጥል አለ። ቁጥር ቱን ያለ ቁጥር ዋን አትወስደውም፣ ቁጥር ስሪንም ያለ ቁጥር ቱ። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ያቺ የድሮፕ ፎርም አንድ ዓመት በላች ማለት ነው። ፎርሟ ላይ ግን የአማካሪ ፊርማ አለ።

ስለ ዲፓርትመንት ምርጫ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ከ2012 ወዲህ ልጆች መጀመሪያ ፍሬሽማን ተምረው ከዚያ በውጤትና በምርጫ ነው የሚመደቡት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ልጁ ዓመቱን እያየ እንዲያስብበት። የሚያስብበት ግን ፎርሙ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቴሌግራም ላይ «ሥራ ያለው የቱ ነው» እያለ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። ያልፈለገው ክፍል ገብቶ እየተንገዳገደ አራተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል። ያኔ ሁላችንም «ትውልዱ ሰነፈ» እንላለን።

«ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱ ይጠይቅ» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ትልቅ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ግን የሴኔቱ ሌጂስሌሽን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ሰነድ ነው፤ ለተማሪው ማን ሰጠው? መምህር ፊት ቀና ብሎ ማየት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ በአንድ ቀን ኦሪየንቴሽን ቢሮ አንኳኩቶ «ጂፒኤዬ ወርዷል» አይልም። እኛ ነን መጥራት ያለብን።

አዲስ ቢሮ ይከፈት፣ ዳይሬክቶሬት ይቋቋም አልልም፤ እሱ ሲመጣ ስብሰባ ነው የሚጨምርብን። ሚድ ፈተና እንደታረመ ዝቅ ያለ ውጤት ያላቸው ልጆች ስም ለአማካሪው ይድረሰው። በሴሚስተሩ መጨረሻ መስማት ሬሳ መቁጠር ነው። አማካሪውም እነዚያን ልጆች ብቻ ጠርቶ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ያናግራቸው። ሙሉ ሴክሽኑን ማናገር ስለማይቻል ማንንም አለማናገር ምክንያት አይሆንም። ይህ ሥራ ደግሞ ሎድ ላይ ይግባ። ድሮፕና ዊዝድሮዋል ላይ ተማሪው በአካል ሳይመጣ ፊርማ አይሰጥ፤ ይህ እንኳን አንድ ብር አይጠይቅም።

ፍሬሽማን የሆነ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ግን የዲፓርትመንት ሄዶችን ስብሰባ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ደውላችሁ፣ ምንም ቢፈጠር ሬጅስትራር ሄደው ፎርም ሳይሞሉ ግቢውን ለቀው እንዳይወጡ ንገሩልኝ።