ተቆርጦ የወጣው ግማሽ የት ሄደ?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚፈበርካቸው ምስሎች ብዙ ተብሏል። ያልተደረገ ሰልፍ፣ ያልፈረሰ ድልድይ፣ ያልተናገረውን የሚናገር ባለሥልጣን። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአማርኛው የማኅበራዊ ሚዲያ መንደር ሰው የሚያጣላው ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከዚያ በብዙ ባነሰ ቴክኖሎጂ ነው። በማንኛውም ስልክ ላይ ያለ፣ ልጅ በአንድ ደቂቃ የሚለምደው፣ ፎቶን ከዳር ከዳሩ የሚቆርጥ መሣሪያ፤ ክሮፕ።

ክሮፕ በፎቶው ላይ ምንም አይጨምርም። ሰው አይስልም፣ ቀለም አይቀይርም። የሚያደርገው መቀነስ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ለክስ የማይመቸው። «ፎቶው ተቀነባብሯል» የሚል ሰው ሲመጣ «የትኛው ቦታ ላይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የቀረው ሁሉ እውነት ነውና ጣቱን የሚቀስርበት ቦታ ያጣል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2020 በስዊዘርላንድ ዳቮስ አምስት ወጣት ሴቶች የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በሚካሄድበት ከተማ ስለ አየር ንብረት ለውጥ መግለጫ ሰጥተው አብረው ፎቶ ተነሡ። አራቱ አውሮፓውያን ናቸው፤ ግሬታ ተንበርግ አንዷ ናት። አምስተኛዋ ኡጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ ነበረች፣ በግራ በኩል ዳር የቆመችው። አሶሺዬትድ ፕሬስ ያሰራጨው ፎቶ ላይ ግን አራቱ ብቻ ነበሩ። ናካቴ ተቆርጣ ወጥታለች።

የዜና ወኪሉ መጀመሪያ የሰጠው ምክንያት የሙያ ነበር። ከኋላዋ ያለው ሕንፃ ዓይን ስለሚስብ ለፎቶው ቅንብር ሲባል ተቆረጠ አለ። ይህ ውሸት ላይሆን ይችላል። ከባዱ ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ፎቶውን የቆረጠው ሰው ክፋት ማሰብ አላስፈለገውም። ዓይኑ ግራና ቀኙን ሲለካ ሕንፃውን አየ፤ ከሕንፃው ፊት የቆመችውን ሰው ግን ለፎቶው የማትቀር አድርጎ አላያትም። ናካቴ በበኩሏ ፎቶ ብቻ ሳይሆን አንድ አህጉር ነው የሰረዛችሁት ስትል ጻፈች። በኋላ የወኪሉ ዋና አዘጋጅ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሌሎች ፎቶዎችም ወጡ። ከሁሉ የሚገርመው ግን በሰሞኑ የተሰጣት ምክር ነው። መሐል ላይ ብትቆሚ ኖሮ አትቆረጪም ነበር ያሏት ነበሩ። አፍሪካዊ እንዳይቆረጥ ፈርቶ መሐል መሐሉን እየፈለገ ይቁም ማለት ነው።

ክሮፕ የሚቆርጠው ዳር ያለውን ነው። ዳር ላይ ማን እንደሚቆም ደግሞ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ዘግይቶ የመጣው፣ ያልተጋበዘው፣ ስሙ የማይታወቀው።

ተቃራኒውም ይደረጋል፤ ዋናውን ሰው ብቻውን ለማስቀረት ሌላው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በነዳጅ በተበከለበት ወቅት «ዘ ኢኮኖሚስት» መጽሔት ሽፋኑ ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማን በሉዊዚያና ባሕር ዳርቻ አንገታቸውን ደፍተው ለብቻቸው ቆመው አሳየ። ብቻውን የቀረ መሪ ይመስላሉ። በዋናው የሮይተርስ ፎቶ ላይ ግን ከሁለት ሰዎች ጋር ነበሩ፤ አንደኛው የባሕር ጠረፍ ጥበቃው አድሚራል፣ ሌላዋ የአካባቢው አስተዳዳሪ። አድሚራሉ በክሮፕ ወጡ፤ ሴትየዋ ደግሞ በሶፍትዌር ጠፉ። ፕሬዚዳንቱ አንገታቸውን የደፉት አጠገባቸው ያሉትን እየሰሙ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ግን ይህን የሚገምትበት ነገር አልተተወለትም። በዚያው ወር ሮይተርስ ራሱ ወቀሳ ደረሰበት። ወደ ጋዛ ስታመራ የእስራኤል ኮማንዶዎች የወረሯት «ማቪ ማርማራ» መርከብ ላይ ከተነሡ ፎቶዎች ውስጥ የአንድ ተሳፋሪ እጅ የያዘው ቢላ ከዳር ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። ወኪሉ በተለመደው የአርትኦት ሥራ የተፈጠረ ነው ብሎ ሙሉውን መለሰ። ቢላውን ለማየት የፈለገውም፣ እንዲታይ ያልፈለገውም ወገን የየራሱን ትርጉም እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል።

እንዲህ ሲባል ክሮፕ ሁሉ ወንጀል ነው ማለት አይደለም። በየሚኒባሱ መስታወት ላይ የሚለጠፈው፣ በየካኒቴራው የሚታተመው የቼ ጉቬራ ፊት የክሮፕ ውጤት ነው። አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ውስጥ ሲያነሳው በአንድ በኩል የሌላ ሰው ፊት፣ በሌላ በኩል የዘንባባ ቅጠል ገብቶበት ነበር። ሁለቱም ሲወጡ ያ ፊት ቀረ። ማንም አልተታለለበትም፤ ምክንያቱም ያ ፎቶ ስለ ዘንባባው የሚል ነገር አልነበረውም። ጉርድ ፎቶም እንደ ስሙ የተጎረደ ነው፤ ይህን አይቶ «እግሩ የት ሄደ?» የሚል የለም። ችግሩ የሚመጣው የተቆረጠው ነገር የቀረውን ትርጉም የሚለውጥ ሲሆን ነው።

በአማርኛ ቻናሎች ላይ ይህ በብዛት የሚታየው በፎቶ ሳይሆን በስክሪንሾት ነው። የአንድ ፖለቲከኛ ጽሑፍ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፤ «እንዲህ የሚሉ አሉ» የሚለው መጀመሪያው የለም። ቀኑ ከላይ ተቆርጧል፤ የአምስት ዓመት ንግግር የዛሬ ጠዋት ይሆናል። የሌላ አገር ሰልፍ ሱቆቹ ላይ ያለው ባዕድ ጽሑፍ እስኪወጣ ድረስ ይቆረጥና የአገር ውስጥ ሰልፍ ተብሎ ይለጠፋል። በየቴሌግራም ገበያው ዕቃ የሚሸጡ ሰዎችም ያውቁታል፤ የግብይት ቁጥሩና ቀኑ ያልገባበት የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ሲላክላቸው ነቄው ሻጭ «ሙሉውን ላክ» ይላል። ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ለሁለት ሺህ ብር የሚያደርገውን ጥንቃቄ፣ ቻናል ከፍቶ መቶ ሺህ ሰው የሚያስከትለው ሰው ለዜና አያደርገውም።

ማሽን ይቁረጠው ቢባልስ? ትዊተር ሞክሮታል። ከ2018 ጀምሮ ሰፊ ፎቶ ሲለጠፍ የትኛው ክፍል እንደሚታይ የሚመርጠው ስልተ ቀመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ተጠቃሚዎች ነጭና ጥቁር ሰዎች ያሉበትን ረጅም ፎቶ እየለጠፉ ሲፈትኑት ደጋግሞ ነጩን ሲመርጥ ታየ። ኩባንያው በሜይ 2021 የራሱን ጥናት አወጣ፤ ልዩነቱ በአማካይ 4 በመቶ ለነጮች፣ 8 በመቶ ለሴቶች ያደላ ነበር። ያን ያህል ትልቅ አኃዝ አይመስልም፤ ግን ኩባንያው ፎቶ የመቁረጥ ውሳኔ ለሰው ቢተው ይሻላል ብሎ ነገሩን ተወው። ከቴክኖሎጂ ኩባንያ ብዙም የማይሰማ አቋም ነው።

እስካሁን የተወራው ስለሚጠፋው ግማሽ ነው። የባሰው ችግር ግን ጠፋ ተብሎ ያልጠፋው ነው።

አንድ ሰው ፎቶ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ለመዋሸት ሳይሆን ራሱን ለመጠበቅ ነው። በገልፍ አገር የምትሠራ ሴት ደመወዝ የከለከላትን አሠሪ ለማጋለጥ የውል ወረቀቷን ፎቶ አንሥታ የፓስፖርት ቁጥሯን ቆርጣ ትለጥፋለች። ግጭት ባለበት አካባቢ ያለ ሰው የተቃጠለውን ቤት ያሳይና አጠገቡ የቆሙትን ጎረቤቶች ይቆርጣል። ለእነዚህ ሰዎች ክሮፕ የውበት ጉዳይ አይደለም። ቆረጥኩ ያሉት ነገር ካልተቆረጠ የሚመጣባቸው ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሳይመን አሮንስና ዴቪድ ቡካናን፣ በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ የነበረ ጉድለት ይፋ አደረጉ። ስልኩ ውስጥ «ማርክአፕ» የሚባል የስክሪንሾት ማስተካከያ አለ። ተጠቃሚው ስክሪንሾቱን ቆርጦ ሲያስቀምጥ አዲሱ ትንሽ ምስል በአሮጌው ፋይል ላይ ይጻፋል፤ የአሮጌው ፋይል ትርፍ ግን አይጠፋም ነበር። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ላይ የሃያ ደቂቃ ነገር ሲቀዳበት፣ አዲሱ ሲያልቅ አሮጌው ዘፈን ከመሐሉ ይቀጥላል። እዚህም እንደዚያው ነው። ምስሉን የሚከፍተው ፕሮግራም የአዲሱ ምስል መጨረሻ ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያሳይም። የሚያውቅ ሰው ግን ቀሪውን መረጃ አውጥቶ ከተቆረጠው ክፍል ብዙውን መልሶ ማየት ይችላል። ብዙም ሳይቆይ የዊንዶውስ 11 የስክሪንሾት መቁረጫና የዊንዶውስ 10 ተመሳሳይ መሣሪያ ያው ችግር እንዳለባቸው ታወቀ። ሁለቱም ኩባንያዎች በዚያው ወር ማስተካከያ አወጡ። ማስተካከያው የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ ለሚቆረጠው ነው።

ይህ ስህተት ነበር። ሆን ተብሎ እንዲሁ የተሠራም አለ። በዎርድና በፓወርፖይንት ሰነድ ውስጥ የተቆረጠ ፎቶ የተቆረጠው ክፍል እዚያው ሰነዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰነዱን የተቀበለ ሰው መቁረጫውን ተጭኖ ዳሩን መልሶ መጎተት ብቻ ይበቃዋል። ለማጥፋት «ፎቶዎችን መጠቅለያ» ከሚለው ሥር የተቆረጡትን ክፍሎች ሰርዝ የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ስንት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው ይህን የሚያውቀው? ስንት ደብዳቤስ ፊርማው ወይም መታወቂያው ቁጥር ተቆርጦ እንደዚህ በኢሜይል ወጥቷል? ፒዲኤፍ ላይም ገጽ መቁረጥ ብዙ ጊዜ መደበቅ ነው፤ መሰረዝ አይደለም። አይፎን ደግሞ የተቆረጠውን ፎቶ በፈለጉት ጊዜ ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ይህ ለባለቤቱ መልካም ነው፣ ፎቶው ከነሙሉ ታሪኩ በኤርድሮፕ ሲላክ ግን ተቀባዩም ያንኑ ዕድል ያገኛል።

ፎቶሾፕ ቢያንስ ምርጫውን ፊት ለፊት አስቀምጦታል። ክሮፕ ሲመረጥ ከላይ ባለው አሞሌ ላይ የተቆረጡ ፒክስሎችን ሰርዝ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ካለባት የተቆረጠው ይጠፋል፤ ከሌለባት ተደብቆ ይቆያል፣ ፋይሉ በፎቶሾፕ ዓይነቱ ከተቀመጠም አብሮ ይሄዳል። በየፎቶ ቤቱ የሚሰማው የክሮፕ ብሶት በአብዛኛው ከዚህ አሞሌ ይመነጫል። ጠዋት ለጉርድ ፎቶ 3 በ4 ተብሎ የተሞላ ቁጥር ሳይጸዳ ይቀርና ከሰዓት በኋላ የሠርጉ ፎቶ በግድ በዚያው ልክ ካልተቆረጠ ይላል፤ ባለሙያው ኮምፒውተሩን ይራገማል። ቁጥሩን ማጽዳት ነው መፍትሔው። ወይም መቁረጫው ከፎቶው ጠርዝ ጋር እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ ኮንትሮል ተጭኖ መጎተት ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚያናድዱ ግን የሚታዩ ችግሮች ናቸው። ስለማይታየው ሳጥን ግን የሚራገም የለም፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ፎቶው ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነውና።

እዚህ ላይ «ተጠቃሚው ይጠንቀቅ» የሚለው የተለመደ ምክር ይመጣል። ምክሩ ሰነፍ ነው። የፓስፖርት ቁጥሯን ቆርጣ የለጠፈችው ሴት ስለ ፋይል አወቃቀር የማወቅ ግዴታ የለባትም። መቁረጫ የሚል ስም የተሰጠው ነገር መቁረጥ አለበት። መደበቂያ ከሆነ መደበቂያ ተብሎ ይጻፍበት። ባለሙያ ሐሳቡን ቀይሮ መመለስ እንዲችል ሲባል ነው የሚለው የሠሪዎቹ መከራከሪያ ለባለሙያው ልክ ነው፤ ስልክ ለያዘው ሕዝብ ግን ቅድሚያው መገለባበጥ አለበት፣ ቢያንስ ምስሉ ወደ ሌላ ሰው ሊላክ ሲል።

የቻናል ባለቤቶች ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባቸውም። ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልክ አሳንሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ በዚያ ሂደት ፋይሉ ጀርባ የተንጠለጠለ ትርፍ አብሮ አይሄድም። በፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ነው የሚደርሰው። «ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላክልኝ» የሚለው የአዘጋጆች ልማድ ጥቆማ ሰጪውን ሊያጋልጥ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ፎቶው በፋይል ከመጣ፣ አዘጋጁ ለሕዝብ የሚያወጣው በፋይል መሆን የለበትም። ለማጣራት ደግሞ ሙሉው ያስፈልገዋል፤ ያልተቆረጠውን አይቶ፣ ማን ዳር ላይ እንደቆመ አውቆ፣ ከዚያ የሰው ሕይወት የሚጎዳውን ቆርጦ ማውጣት። ቆርጦ ሲያወጣም «ለደኅንነት ሲባል የተቆረጠ» ብሎ ከሥሩ አንድ መስመር መጻፍ። ስክሪንሾት ከሆነ ደግሞ ቀኑና የገጹ ስም ካልታየ አለመለጠፍ። የዕቃ ሻጮቹ «ሙሉውን ላክ» የምትል አጭር መልስ እዚህም ትሠራለች።

እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 በፊት በፒክስልና በዊንዶውስ ተቆርጠው በፋይል የተላኩ ምስሎች ዛሬም በየሰው ስልክና በየቡድኑ ማኅደር ውስጥ አሉ። የላካቸው ሰው መልእክቱን ቢያጠፋው እንኳ ቀድሞ ያወረደው ሰው ዘንድ ይቆያሉ።