ከጭፈራው በስተኋላ ያለው ኑሮ

ሴት ልጅ ስትጨፍር የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለከተው መልኳንና ልብሷን ነው፤ ምን በልታ እንደ መጣችና ወደ ምን ዓይነት ቤት እንደምትመለስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንድ ሲኒማ ለአባቶችና ለእናቶች ልናስታውቅ ወደድን።

ስሙ «ስቴፕ» ይባላል፤ አማንዳ ሊፒትዝ የምትባል አሜሪካዊት አዘጋጅታው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ታየ። የሚያሳየውም የፈጠራ ታሪክ ሳይሆን፥ በዚያው አቈጣጠር በ2009 በባልቲሞር ከተማ በተከፈተ የሴቶች ትምህርት ቤት የሚማሩ የጥቁር አሜሪካውያን ልጃገረዶችን እውነተኛ ኑሮ ነው። ስቴፕ የሚባለው ጭፈራ መሬትን በእግር በመምታት፥ በማጨብጨብና በአንድ ድምፅ በመናገር የሚፈጸም ነው፤ ዐይን ለማማለል የሚደረግ ውዝዋዜ ሳይሆን ኅብረትና ሥርዓት የሚታይበት ስለ ሆነ፥ አንዲቱ ብትዘገይ የሁሉም ይበላሻል።

ካሜራው ከልምምዱ አዳራሽ ወጥቶ ልጃገረዶቹን እስከ ቤታቸው ይከተላቸዋል። በአንደኛው ቤት ሒሳቡ ስላልተከፈለ መብራት ተቋርጧል፤ በሌላው ቤት የሚበላ ታጥቷል። ከተማይቱም በ2015 ፍሬዲ ግሬይ የተባለ ጥቁር ወጣት በፖሊስ እጅ ሳለ ተጐድቶ በመሞቱ ታውካ ነበር፤ ልጃገረዶቹም ኀዘናቸውን በጭፈራቸው ገለጡት።

«የሰውን ድኽነት በአደባባይ ማሳየት ማዋረድ አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አዘጋጂዋም የትምህርት ቤቱ መሥራች ልጅ ስለ ሆነች፥ ዐይኗ ወደ ፍቅር ማዘንበሉን አንክድም። ነገር ግን መድረኩን ብቻ ብታሳየን ልጃገረዶቹን ለጌጥ፥ ጨለማውን ቤት ብቻ ብታሳየን ለምጽዋት ባየናቸው ነበር። እርሷ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ስላቀረበች፥ በችግር መካከል የሚደክሙ ሰዎችን እናያለን። በጭፈራ የተመሰገነች አንዲት ልጅ በትምህርቷ ወደ ኋላ ስትቀር መምህራኑ በዝምታ አላለፏትም። በ2016 የጨረሱት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም በሙሉ ወደ ኮሌጅ ለመግባት ተፈቀደላቸው።

እንግዲህ ሴት ልጆች ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በትምህርት ቤት በዓል ስትጨፍር ባያችሁ ጊዜ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ስለ ደብተሯም ጠይቋት። በአጠገቧ የምትጨፍረው ጓደኛዋ ማታ የምታጠናበት መብራት ያላት መሆኑንም መርምሩ፤ ከሌላትም ወደ ቤታችሁ ጥሯት።