የሕክምና መሣሪያ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ያሳለፈው ውሳኔ፣ ለጥገና ሲባል የሕክምና መሣሪያን የሶፍትዌር ቁልፍ መክፈት የቅጂ መብት ሕግን እንደ መጣስ እንዳይቆጠር በ2021 የተሰጠውን ፈቃድ ለተጨማሪ ሦስት ዓመታት አድሷል። የአምራቾች ማኅበራት ፈቃዱን በፍርድ ቤት ጭምር ሲሞግቱት የቆዩ ሲሆን፣ ዋነኛው መከራከሪያቸውም አምራቹ ያልፈቀደለት ሰው መሣሪያውን ከነካው የታማሚው ደኅንነት አደጋ ላይ ይወድቃል የሚል ነው። መከራከሪያው የታማሚን ስም ስለጠራ ብቻ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም።

የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በሜይ 2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ገለልተኛ ጠጋኞች በሚሠሩት ጥገና ምክንያት ተጨማሪ ቁጥጥር የሚጠይቅ ሰፊ የጤና ሥጋት አለ ወይም የለም ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል፤ ብዙዎቹ ጠጋኞች ጥራት ያለው አገልግሎት እንደሚሰጡና የእነርሱ መኖር ለአገሪቱ የጤና ሥርዓት ወሳኝ መሆኑንም አክሏል። ለአምራቾቹ መከራከሪያ ከዚህ የሚብሰው፣ በመጥፎ ጥገና ደረሱ ከተባሉት ጉዳቶች አብዛኞቹ ከጥገና ጋር ሳይሆን ከዳግም ማምረት፣ ማለትም የመሣሪያውን አሠራር ወይም የታለመለትን አገልግሎት ከሚለውጥ ሥራ ጋር የተያያዙ ሆነው መገኘታቸው ነው። የሳይበር ጥቃት ሥጋት ሲነሣም ያው ተቆጣጣሪ በ2021 በጻፈው ደብዳቤ፣ ለጥገና ብቻ ቁልፍ መክፈት የመሣሪያዎችን ደኅንነት የግድ አደጋ ላይ ይጥላል የሚለውን አመለካከት እንደማይጋራ ገልጿል። እንግዲህ ስለ ደኅንነት የመናገር ሥልጣን ያለው አካል ያላገኘውን አደጋ አምራቾቹ ከየት አመጡት?

የቴክኒክ ድጋፍ ሥራን በቅርብ የሚያውቅ ሰው የመከራከሪያውን ድክመት ይበልጥ ያየዋል። ቬንትሌተር፣ ማለትም መተንፈስ ለተሳነው ታማሚ አየር የሚሰጥ መሣሪያ፣ ሲቆም የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ባለሙያ ወደ አምራቹ የድጋፍ ማዕከል ይደውላል፤ ስልኩን ያነሣው ሠራተኛም የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ በስክሪኑ ላይ የወጣውን የስሕተት ኮድና የሶፍትዌሩን ቨርዥን ይጠይቃል። ብልሽቱን ለመለየት ግን የጥገና ሜኑው መከፈት አለበት፤ እርሱ ደግሞ በፓስዎርድ ወይም አምራቹ ለፈቀደላቸው ብቻ በሚሰጠው ዶንግል፣ ማለትም በሚሰካ ትንሽ መክፈቻ፣ ሊቆለፍ ይችላል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ከሁለት የተበላሹ ቬንትሌተሮች አንድ የሚሠራ ለማውጣት የጣሩ የአሜሪካ ቴክኒሻኖች፣ ሶፍትዌሩ የተቀየረውን ክፍል እንዲቀበል ሲሉ አንድ የፖላንድ ጠጋኝ በእጁ ሠርቶ የሚልከውን መክፈቻ እስከ መግዛት ደርሰዋል። እነዚህ ሰዎች ችሎታውም መለዋወጫውም ነበራቸው፤ የጎደላቸው ፈቃድ ብቻ ነበር። ሥጋቱ በእርግጥ የችሎታ ማነስ ከሆነ መድኃኒቱ የጥገና ማኑዋል ማቅረብና ሥልጠና መስጠት ነው፤ ቁልፍ የሠለጠነውንም ያልሠለጠነውንም እኩል ከደጅ ያስቀራልና።

ጉዳዩ የሕክምና መሣሪያዎቿን በአብዛኛው ከውጭ ለምታስገባው ኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ2011 የታተመ ጥናት አነስተኛ አቅም ባላቸው አገሮች ከተቆጠሩት የሕክምና መሣሪያዎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን ያሳየ ሲሆን፣ ምክንያቶቹም የሥልጠና፣ የመሣሪያ አስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለቶች መሆናቸውን አመልክቷል። የአዲስ አበባና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል መሐንዲሶችን እያስመረቁ፣ ተመራቂው የተቆለፈ ስክሪን ፊት ቆሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው የሚጠብቅ ከሆነ ሥልጠናው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የአምራቹ ባለሙያ በማይደርስበት ሆስፒታል የአምራቹ ብቸኛ የጥገና መብት በተግባር የሚያስከትለው ጥገና አልባነትን ነው፤ ከቆመ መሣሪያ ደግሞ ታማሚ የሚያገኘው ደኅንነት የለም።

የአሜሪካው ፈቃድ ይህን ችግር እንደማይፈታ ግልጽ ነው፤ ከአገሪቱ ወሰን አያልፍም፣ መክፈቻ መሣሪያ ሠርቶ መሸጥን አይፈቅድም፣ በ2027ም እንደገና ለክርክር ይቀርባል። በእርዳታ የሚመጣ መሣሪያ የሚቀበል ሆስፒታል ፓስዎርዱንና ማኑዋሉን አብሮ ለመጠየቅ የሚያስችል አቅም ይኑረው አይኑረው አጠራጣሪ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ግን ይህን አቅም የሚያገኘው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ብቻ ስለሆነ፣ የጥገና ማኑዋሉን፣ ፓስዎርዱንና የባለሙያዎቹን ሥልጠና በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያስገባ።