የሌለውን ሰው ጠጠር ማን ያንቀሳቅሰው?

ለአራት ሰው የተሠራ ጨዋታ ተዘርግቶ ሦስት ሰው ብቻ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ጥያቄው የሥራ ፈት ይመስላል። እኔ ግን ስለ አኗኗራችን ብዙ የሚናገር ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

እኛ ዘንድ፣ ሚዛን ተፈሪም ሆነ ቴፒ፣ ሰው የሚጎድልበት ወቅት ይታወቃል። ቡናው ሲቀላ ከተማው ይሳሳል። አንዱ ለለቀማ ወደ ገጠር ይገባል፣ ሌላው ሲጭንና ሲያራግፍ ይውላል። ሉዶ የሚጫወቱ አራት ጓደኛሞች መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት ይሆናሉ። ያኔ አንዱ ይነሳና "የእሱንም እኔ ልጫወትለት" ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀለም የያዘ ሰው ሁለቱን እኩል አያይም። የራሱ ጠጠር ቤት እስኪገባ ድረስ የቀሪውን ጓደኛውን ጠጠር መንገድ መዝጊያ ያደርገዋል። ጓደኛው ሳይኖር ተሸነፈ ይባላል፤ ይባስ ብሎም ሌላው እንዲያሸንፍ መሣሪያ ሆኖ ነው የተሸነፈው። ስልካችን ላይ ያለው ሉዶ ደግሞ የጎደለውን ቦታ በኮምፒዩተር ይሞላዋል። ጨዋታው አይቋረጥም፤ ሰው መጉደሉ ግን ይረሳል።

ይህን ጣጣ ጨዋታ ፈጣሪዎችም ያውቁታል። "ሪስክ" የሚባለውን፣ በዓለም ካርታ ላይ ጦር እያሰለፉ የሚጫወቱትን ጨዋታ የፈጠረው ፈረንሳዊው የፊልም ሰው አልበርት ላሞሪስ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ሁለት ሰው ብቻ ሲገኝ ደንቡ ሦስተኛ፣ "ገለልተኛ" የሚባል ጦር ያስገባል። ገለልተኛው አያጠቃም፣ ሲጠቃ ብቻ ይከላከላል። ታዲያ ይህን ጦር የሚያጠናክረው ማን ነው? ራሳቸው ሁለቱ ተጫዋቾች! እያንዳንዱ ገለልተኛውን የሚያበረታው ተቀናቃኙን በሚያንቅበት ቦታ ነው። ስሙ ገለልተኛ፣ ሥራው ግን የሰው አጥር መሆን ነው።

አሜሪካዊው አለን ካልሃመር የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ የቀረበው "ዲፕሎማሲ" ደግሞ ለሰባት ሰው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩ ሰባት የአውሮፓ ኃያላን ይፋለሙበታል። ስድስት ሰው ከተገኘ በቆየው ደንብ መሠረት ጣሊያንን የሚይዝ የለም። ጦሯ ባለበት ቆሞ ይከላከላል፤ ከቦታው ከተገፋ ከሰሌዳው ይነሳል። ለጎረቤቶቿ ሲሳይ መሆኗ አይቀርም። ቢያንስ ግን ወንበሩ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያያል፤ "በጣሊያን ስም" ጥቃት የሚከፍት የለም።

ከሰሌዳው ውጭም ያው ነው። በለቀማ ሰሞን የማኅበር ስብሰባ ይጠራል እንበል። አነስተኛው ገበሬ ማሳው ላይ ነው፤ የደረሰ ቡና ቀጠሮ አያውቅም። የተገኙት ጥቂቶች "ገበሬው የሚፈልገው ይህን ነው" እያሉ ይወስናሉ። ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የራሱንም የሌላውንም ጠጠር የያዘ እጅ የትኛውን እንደሚያስቀድም ከሉዶው አይተናል።

"ሰው እስኪሞላ ከጠበቅን ምን ይጀመራል?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። እኔም አትጫወቱ አላልኩም። ሁለት ከሆናችሁ የሁለት ሰው ጨዋታ አውጡ። ዳማ አለ፣ ጠጠር ቢጎድል በቆርኪ ይሞላል። ገበጣ አለ፣ ሰሌዳው ቢጠፋ መሬት ላይ ጉድጓድ ይማሳል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ለሁለት ሰው የሚሆን ጨዋታ ቸግሮን አያውቅም ማለት ነው።

የድሮው ሰንጠረዣችንም የሚያስተምረን አለ። ሰሌዳው ላይ የሚጋጠሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ዙሪያውን የከበበው ግን ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይሟገታል። የፈለገውን ያህል ቢጮኽ ጠጠሩን የሚያነሳው ባለቤቱ ነው። ምክርና ውክልና ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ስብሰባም እንዲሁ ቢሆን ምን አለበት? የተገኙት ለተገኙት የሚበቃውን ይወስኑ። የዋጋና የትርፍ ክፍፍል ነገር ግን ለቀማው እስኪያልፍ ይቆይ፤ ካልቆየም የቀረው ሰው ተደውሎለት በራሱ አፍ ይናገር። ይህም ካልተቻለ ወንበሩ ባዶ እንደነበር ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። የቀረ ሰው ሲመለስ ጠጠሩን ትቶት በሄደበት ቦታ ሊያገኘው ይገባል።

ቸር ይግጠመን።